የፖሊኖሚያል ዜሮዎችን በፋክተር ማግኘት፦ ከየት ይጀመራል፣ ቀጥሎስ ምን ይሠራል?

«የዚህን ፖሊኖሚያል ዜሮዎች ፈልጉ» ስትባሉ የምትጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በተለዋዋጩ ቦታ የትኛው ቁጥር ቢገባ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል? ሌላው ሁሉ እዚያ መድረሻ መንገድ ነው።

እዚህ ሐዋሳ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ከታቦርም፣ ከሐይቅ ዳርም፣ ከቱላም ይመጣሉ። ትምህርት ቤታቸው ቢለያይም የሚቸገሩበት ቦታ አንድ ነው። ማባዛቱንም ማካፈሉንም ይችሉበታል። ፎርሙላውንም በቃላቸው ይዘውታል። ጥያቄው ፊታቸው ሲቀመጥ ግን ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ይገባቸዋል። ፋክተር ማውጣት፣ ማለትም ፖሊኖሚያሉን በብዜት መልክ መጻፍ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ዘዴዎች ክምር መስሎ ስለሚታያቸው ነው። እውነቱ ግን ሁሉም ዘዴ ከአንድ ሐሳብ ነው የሚወጣው። ቅደም ተከተልም አለው። ያንን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ አብዛኛው ጥያቄ ይሠራላችኋል።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ልበል። ተለዋዋጩን «ተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ደብተራችሁ ላይ ኤክስ እያላችሁ ጻፉት። ፖሊኖሚያሉን ደግሞ ፖ(ተ) እለዋለሁ። ፖ(3) ማለት በ«ተ» ቦታ 3 ሲገባ የሚገኘው ውጤት ነው።

ለምን ወደ ብዜት እንቀይረዋለን?

ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 12 ቢሰጡ ቁጥሮቹን ማወቅ አትችሉም። 3 እና 4 ሊሆኑ ይችላሉ፤ 2 እና 6ም ይሆናሉ፤ 24 እና ½ም ያስኬዳል። ተባዝተው 0 ከሰጡ ግን አንድ የተረጋገጠ ነገር አለ። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ራሱ ዜሮ ነው። ሌላ አማራጭ የለም። ይህን ባሕርይ ያለው ዜሮ ብቻ ነው። የፋክተር ዘዴ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ይህንን እንይ፦

ፖ(ተ) = ተ² − 5ተ + 6

እንዲህ እንዳለ ስታዩት ዜሮዎቹ አይታዩም። በብዜት መልክ ሲጻፍ ግን፦

ፖ(ተ) = (ተ − 2)(ተ − 3)

አሁን አይን ላይ ናቸው። ብዜቱ ዜሮ የሚሆነው ተ − 2 = 0 ሲሆን ወይም ተ − 3 = 0 ሲሆን ነው። ስለዚህ ዜሮዎቹ 2 እና 3 ናቸው። እንፈትሽ። ፖ(2) = 4 − 10 + 6 = 0። ፖ(3) = 9 − 15 + 6 = 0። ትክክል ነው።

ምልክቱን ልብ በሉ። ፋክተሩ (ተ − 2) ከሆነ ዜሮው +2 ነው። ፋክተሩ (ተ + 4) ከሆነ ዜሮው −4 ነው። በችኮላ ምልክቱን እንዳለ መገልበጥ ብዙ ነጥብ ያስጥላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፋክተር ከዜሮ ጋር አስተካክላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ፍቱት። አንድ መስመር ነው፤ ጊዜ አይበላም።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ጎን

ከሐይቁ ዳር አራት ማዕዘን የአበባ መደብ ሊሠራ ነው እንበል። ርዝመቱ ከስፋቱ በ4 ሜትር ይበልጣል። የቦታው መጠን ደግሞ 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ከጎኑ ስፋት ጋር እንዳይምታታባችሁ ይህን «ስፋት» አልለውም። የጎኑን ስፋት ተ ብንለው፦

ተ(ተ + 4) = 60

እዚህ ላይ የሚፈትን ነገር አለ። ግራው ብዜት ሆኖ ስለተቀመጠ «ተ = 60 ወይም ተ + 4 = 60» ማለት ይቃጣል። አይሆንም። ከላይ እንዳየነው በብዜት ላይ እንዲህ መፍረድ የሚቻለው በሌላኛው ጎን ዜሮ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ቅንፉን እንፍታ፤ 60ንም ወደ ግራ እናምጣ፦

ተ² + 4ተ − 60 = 0
(ተ + 10)(ተ − 6) = 0

ዜሮዎቹ −10 እና 6 ናቸው። ስፋት ኔጌቲቭ ስለማይሆን መልሱ 6 ሜትር ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር ይሆናል፤ 6 × 10 = 60።

ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጥቶ ከዜሮ ጋር ማስተካከል ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልኽዋሪዝሚ እነዚህን እኩልታዎች በስድስት ዓይነት ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ነበር የሚፈታው። ኔጌቲቭ ቁጥርን ስለማይጠቀም ሁሉንም በአንድ መልክ መጻፍ አይችልም ነበር። ዜሮ በአንድ ጎን ለብቻው መቀመጡ በኋላ የመጣ ትልቅ እርምጃ ነው። እናንተ በነጻ አግኝታችሁታል፤ ተጠቀሙበት።

የጋራ አካፋይ ይቅደም

ቀጣዩ ሥራ፣ ምንም ዓይነት ፖሊኖሚያል ቢሆን፣ የጋራ አካፋይ መፈለግ ነው። በታችኛው ክፍል ትልቁን የጋራ አካፋይ በቁጥር ሠርታችኋል። እዚህም ያው ነው፤ የተጨመረው «ተ» ብቻ ነው።

3ተ³ − 12ተ² = 3ተ²(ተ − 4)

ዜሮዎቹ 0 እና 4 ናቸው። ፊት ያለው 3 ዜሮ ሊሆን ስለማይችል ምንም ዜሮ አያመጣም። ተ² ግን ተ × ተ ስለሆነ 0 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ይህን እርምጃ የሚዘል ተማሪ ቀላሉን ጥያቄ በገዛ እጁ ያከብደዋል። 5ተ² − 35ተ + 50 ሲሰጠው በትልልቅ ቁጥሮች ይታገላል። 5ን ቢያወጣው 5(ተ² − 7ተ + 10) ሆኖ በአንድ እይታ 5(ተ − 2)(ተ − 5) ይሆንለት ነበር።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ነገር። ተ³ = 9ተ ሲሰጣችሁ ሁለቱንም ጎን በ«ተ» አታካፍሉ። ካካፈላችሁ ተ² = 9 ይቀራል፤ መልሱ 3 እና −3 ይሆናል፤ 0 ጠፋች ማለት ነው። በ«ተ» ስታካፍሉ «ተ ዜሮ አይደለም» ብላችሁ ሳታውቁት ወስናችኋል። በዜሮ ማካፈል አይቻልምና። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦

ተ³ − 9ተ = 0
ተ(ተ² − 9) = 0
ተ(ተ − 3)(ተ + 3) = 0

ሦስት ዜሮ፦ 0፣ 3፣ −3። በቁጥር ማካፈል ይቻላል፤ በተለዋዋጭ አይቻልም።

ከዚያ ቃላቱን ቁጠሩ

የጋራውን ካወጣችሁ በኋላ በቅንፉ ውስጥ ስንት ቃል እንደቀረ እዩ። በመደመርና በመቀነስ የሚለያዩትን ነው ቃል የምለው። የሚቀጥለውን መንገድ የሚነግራችሁ ይህ ቁጥር ነው።

ሁለት ቃል ከሆነ

ሁለት ቃል ሲሆን ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል። የካሬ ልዩነት ነው ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።

4ተ² − 25 = (2ተ − 5)(2ተ + 5)

ዜሮዎቹ 5/2 እና −5/2 ናቸው። የካሬ ድምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ተ² + 9፣ ፋክተር ለመፈለግ አትድከሙ። የማንኛውም ሪል ቁጥር ካሬ ከዜሮ ስለማያንስ ተ² + 9 ሁልጊዜ ቢያንስ 9 ነው። ሪል ዜሮ የለውም።

ኩብ ከሆነ ሁለቱም ይፋክተራሉ፦

ተ³ − 8 = (ተ − 2)(ተ² + 2ተ + 4)
ተ³ + 8 = (ተ + 2)(ተ² − 2ተ + 4)

ከኋላ የሚመጣው ባለሦስት ቃል ክፍል ሪል ዜሮ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዜሮ 2 ብቻ፣ የሁለተኛው −2 ብቻ ነው።

ዲግሪው (የተ ትልቁ ኃይል) 4 ሲሆን በመጀመሪያው እርምጃ አትቁሙ። ተ⁴ − 16 መጀመሪያ (ተ² − 4)(ተ² + 4) ይሆናል። ተ² − 4 ግን ገና ይበተናል። መጨረሻው (ተ − 2)(ተ + 2)(ተ² + 4) ነው።

ሦስት ቃል ከሆነ

ፈተና ላይ በብዛት የሚመጣው ይህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

የተ² ኮፊሸንት (ከፊቱ ያለው ቁጥር) 1 ሲሆን የምትፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሲባዙ የመጨረሻውን ቁጥር፣ ሲደመሩ የመካከለኛውን ኮፊሸንት የሚሰጡ።

ተ² − 2ተ − 24

ሲባዙ −24፣ ሲደመሩ −2። ከመገመታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። ብዜቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ ነው። ድምሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ምልክቱን ትተን ስናያቸው ትልቁ ቁጥር ኔጌቲቩ ነው። አሁን የ24 ጥንዶችን እዩ፦ 1 እና 24፣ 2 እና 12፣ 3 እና 8፣ 4 እና 6። ልዩነታቸው 2 የሆኑት 4 እና 6 ናቸው። ስለዚህ −6 እና +4።

ተ² − 2ተ − 24 = (ተ − 6)(ተ + 4)

ዜሮዎቹ 6 እና −4። የመጨረሻው ቁጥር ፖዘቲቭ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ተመሳሳይ ምልክት ይኖራቸው ነበር፤ ምልክቱንም የመካከለኛው ቃል ይነግራችሁ ነበር። ምልክቱን ቀድሞ ማንበብ ግማሹን ግምት ያስቀራል።

የተ² ኮፊሸንት 1 ካልሆነ ብዙዎች እየገመቱ ቅንፍ ይሞላሉ፤ ሳይሳካ ሲቀር ይሰርዛሉ፤ ደብተሩ ይቆሽሻል። እኔ የማስተምረው መካከለኛውን ቃል ለሁለት መክፈልን ነው። ሁልጊዜ ይሠራል፤ ፋክተር ካለ ያገኘዋል።

6ተ² + 7ተ − 20

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አባዙ፦ 6 × (−20) = −120። አሁን ሲባዙ −120፣ ሲደመሩ 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። ምልክታቸው የተለያየ ስለሆነ የ120 ጥንዶችን በልዩነታቸው እንያቸው። 1 እና 120 ልዩነታቸው 119 ነው፤ በጣም ሩቅ። 5 እና 24 ልዩነታቸው 19። 6 እና 20 ልዩነታቸው 14። 8 እና 15 ልዩነታቸው 7። ተገኘ። ጥንዶቹ እየተቀራረቡ ሲሄዱ ልዩነቱም እየቀነሰ ይመጣል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ከሄዳችሁ አትጠፉም። ድምሩ +7 እንዲሆን +15 እና −8 እንወስዳለን፦

6ተ² + 15ተ − 8ተ − 20
= 3ተ(2ተ + 5) − 4(2ተ + 5)
= (2ተ + 5)(3ተ − 4)

ዜሮዎቹ −5/2 እና 4/3 ናቸው። 4/3ን እንፈትሽ። 6 × 16/9 = 32/3። 7 × 4/3 = 28/3። ድምራቸው 60/3 = 20። ከ20 ላይ 20 ሲቀነስ 0።

በሁለተኛው መስመር ላይ የሁለቱ ቅንፎች ይዘት አንድ ዓይነት ካልሆነ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የምልክት። ዘዴው ራሱን በራሱ ይቆጣጠራል ማለት ነው። ስለዚህም እወደዋለሁ።

ጥንዱ አልገኝ ሲላችሁስ? ለዚህ ዲስክሪሚናንት አለ። ኮፊሸንቶቹን በቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ ብንላቸው፣ ለ² − 4ሀሐ ማለት ነው። ኮፊሸንቶቹ ድፍን ቁጥሮች ከሆኑና ይህ ቁጥር ፐርፌክት ስኩዌር (የድፍን ቁጥር ካሬ) ከሆነ፣ በድፍን ቁጥሮች ይፋክተራል። ካልሆነ አይፋክተርም። ከላይ ላለው 49 + 480 = 529 = 23²፤ ስለዚህ ፋክተሩ እንዳለ አስቀድመን ማወቅ እንችል ነበር። ተ² + 4ተ − 1 ግን 16 + 4 = 20 ይሰጣል። 20 ፐርፌክት ስኩዌር አይደለም። እዚህ ጥንድ መፈለጉን ትታችሁ ወደ ኳድራቲክ ፎርሙላ እለፉ፤ −2 + √5 እና −2 − √5 ታገኛላችሁ።

አንዳንዱ ተማሪ «ፎርሙላው ለሁሉም ከሠራ ፋክተር ለምን ያስፈልገኛል?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፎርሙላው የሚያገለግለው ለዲግሪ 2 ብቻ ነው። ዲግሪ 3 እና 4 ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ በፋክተር ወደ ዲግሪ 2 ማውረድ አለባችሁ። ለዲግሪ 3 እና 4 ፎርሙላ አለ፤ ግን በጣም የተወሳሰበ ስለሆነ በእጅ ማንም አይመርጠውም። ከ5 ጀምሮ ደግሞ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና በሥር ብቻ የሚሠራ አጠቃላይ ፎርሙላ ሊኖር እንደማይችል የኖርዌዩ ኒልስ አቤል በ1824 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። እስካሁን ያልተገኘ ሳይሆን ሊገኝም የማይችል ነው። ፋክተር ግን በየትኛውም ዲግሪ ላይ አብሯችሁ ይሄዳል።

ካሬ የለበሰ ዲግሪ 4

ተ⁴ − 13ተ² + 36 ዲግሪው 4 ቢሆንም ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለው። ኃይሎቹም 4፣ 2፣ 0 ናቸው። ተ²ን «መ» ብትሉት መ² − 13መ + 36 ይሆናል። ይህም (መ − 4)(መ − 9) ነው። መን ወደ ተ² መልሱት፦

(ተ² − 4)(ተ² − 9) = (ተ − 2)(ተ + 2)(ተ − 3)(ተ + 3)

አራት ዜሮ። «መ = 4፣ መ = 9» ብላችሁ እንዳታቆሙ፤ የተጠየቃችሁት ተ ነው።

አራት ቃል ከሆነ

በሁለት በሁለት ቡድን አድርጋችሁ ሞክሩ።

2ተ³ − 3ተ² − 8ተ + 12
= ተ²(2ተ − 3) − 4(2ተ − 3)
= (2ተ − 3)(ተ² − 4)
= (2ተ − 3)(ተ − 2)(ተ + 2)

ዜሮዎቹ 3/2፣ 2 እና −2። ሁለተኛው ቡድን በኔጌቲቭ ሲጀምር ኔጌቲቩን አብራችሁ አውጡ። −8ተ + 12 ሲሆን −4 ወጥቶ (2ተ − 3) ይቀራል። ቅንፉ ውስጥ + ብትጽፉ ቡድኖቹ አይገጥሙም።

ይህ የሚሠራው ኮፊሸንቶቹ ሲገጣጠሙ ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ያለው ንጥጥር ከሦስተኛው ለአራተኛው ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ 2 ለ −3 እና −8 ለ 12 እኩል ናቸው። እኩል ካልሆኑ ቃላቱን አቀያይራችሁ አንዴ ሞክሩ፤ ካልሆነ እለፉ።

ምንም አልሠራ ሲል

2ተ³ − 3ተ² − 11ተ + 6

የጋራ አካፋይ የለውም። በቡድን አይሄድም። ብዙ ተማሪ እጅ የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ለእኔ ግን የምዕራፉ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ፋክተር ቲዎረም ነው። እዚህ ሐ ማንኛውም ቁጥር ነው፤ ከላይ ያልነው ኮፊሸንት አይደለም። ፖ(ሐ) = 0 ከሆነ (ተ − ሐ) ፋክተር ነው። (ተ − ሐ) ፋክተር ከሆነም ፖ(ሐ) = 0 ነው። ስለዚህ አንድ ዜሮ ካገኘን አንድ ፋክተር አገኘን፤ በእሱ ስናካፍል ዲግሪው ከ3 ወደ 2 ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ራሽናል ሩት ቴስት ነው፤ የት እንደምንፈልግ የሚነግረን። ኮፊሸንቶቹ ድፍን ቁጥሮች ከሆኑ፣ ንብብር የሆነ (በድፍን ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፍ የሚችል) ዜሮ ሁሉ ላዕሉ የመጨረሻውን ቁጥር፣ ታህቱ የመጀመሪያውን ኮፊሸንት ያካፍላል። ክፍልፋዩ በዝቅተኛ ሒሳባዊ ቃል የተጻፈ ይሁን። እዚህ የ6 አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 6 ናቸው። የ2 አካፋዮች 1 እና 2። ስለዚህ እጩዎቹ እነዚህ ብቻ ናቸው፦

±1፣ ±2፣ ±3፣ ±6፣ ±½፣ ±3/2

ከማያልቁ ቁጥሮች መካከል 12 ቀሩ። አሁን ከትንንሾቹ እንጀምር።

ፖ(1) = 2 − 3 − 11 + 6 = −6
ፖ(−1) = −2 − 3 + 11 + 6 = 12
ፖ(2) = 16 − 12 − 22 + 6 = −12
ፖ(−2) = −16 − 12 + 22 + 6 = 0

−2 ዜሮ ነው፤ (ተ + 2) ፋክተር ነው። ያልተሳኩት ሙከራዎችም ከንቱ አይደሉም። ፖ(−1) ፖዘቲቭ፣ ፖ(1) ኔጌቲቭ ነው። የፖሊኖሚያል ግራፍ የማይቋረጥ ስለሆነ በመካከላቸው አንድ ቦታ በዜሮ ማለፍ አለበት። ስለዚህ በ−1 እና በ1 መካከል ሌላ ዜሮ እንዳለ አሁኑኑ አውቀናል። ሎኬሽን ቲዎረም የምትሉት ይህንን ነው። የሞከራችሁትን አትሰርዙ፤ በዳር ጻፉት።

ለማካፈል ሲንተቲክ ዲቪዥን ፈጣን ነው። ኮፊሸንቶቹን ብቻ ጻፉ፤ ዜሮውን በግራ በኩል አስቀምጡ፦

−2 | 2   −3   −11   6
   |     −4    14   −6
     2   −7     3    0

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን 2 እንዳለ አውርዱት። በ−2 አባዙት፤ −4ን ከ−3 ሥር ጻፉ፤ ደምሩ፤ −7። እሱን በ−2 አባዙ፤ 14ን ከ−11 ሥር ጻፉ፤ ደምሩ፤ 3። እሱን በ−2 አባዙ፤ −6ን ከ6 ሥር ጻፉ፤ ደምሩ፤ 0። የመጨረሻው ቁጥር ቀሪው ነው። ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ ወይ −2 ዜሮ አልነበረም፣ ወይ መደመር ላይ ተሳስታችኋል።

የቀሩት 2፣ −7፣ 3 የአዲሱ ፖሊኖሚያል ኮፊሸንቶች ናቸው፤ ዲግሪው በአንድ ቀንሷል፦

2ተ³ − 3ተ² − 11ተ + 6 = (ተ + 2)(2ተ² − 7ተ + 3)

ቅንፉ ውስጥ ያለው ባለሦስት ቃል ነው። ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ −7፦ −6 እና −1። 2ተ² − 6ተ − ተ + 3 = 2ተ(ተ − 3) − 1(ተ − 3) = (2ተ − 1)(ተ − 3)። ዜሮዎቹ −2፣ ½ እና 3 ናቸው። በ−1 እና በ1 መካከል አለ ያልነው ½ ነው።

ሙከራውን የሚያሳጥሩ ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። ኮፊሸንቶቹን ደምሯቸው፤ 0 ከመጡ 1 ዜሮ ነው። ፖ(1) ማለት የኮፊሸንቶቹ ድምር ነውና። ሌላው፣ ሁሉም ኮፊሸንቶች ፖዘቲቭ ከሆኑ ፖዘቲቭ እጩዎችን አትሞክሩ። ፖዘቲቭ ቁጥር ብታስገቡ የሁሉም ድምር ፖዘቲቭ ነው፤ ዜሮ ሊሆን አይችልም።

አንድ ጥንቃቄም አለ። ተ³ − 3ተ + 2 ላይ የተ² ቃል የለም። ሲንተቲክ ዲቪዥን ስትሠሩ ቦታውን በ0 ሙሉት፦ 1፣ 0፣ −3፣ 2። የኮፊሸንቶቹ ድምር 0 ስለሆነ 1 ዜሮ ነው። ስታካፍሉ 1፣ 1፣ −2 ይቀራል፤ ማለትም ተ² + ተ − 2 = (ተ − 1)(ተ + 2)። ጠቅላላው፦

ተ³ − 3ተ + 2 = (ተ − 1)²(ተ + 2)

እዚህ (ተ − 1) ሁለት ጊዜ መጣ። 1 ድርብ ዜሮ ነው እንላለን። ልዩነቱ ግራፉ ላይ በደንብ ይታያል። −2 ላይ ግራፉ አግድሙን መስመር ቆርጦ ያልፋል። 1 ላይ ግን ነክቶት ወደመጣበት ጎን ይመለሳል። ካሬ ምልክቱን ስለማይቀይር ነው። ፋክተሩ ጎዶሎ ጊዜ ከመጣ ግራፉ ይሻገራል፤ ሙሉ ጊዜ ከመጣ ነክቶ ይመለሳል። ግራፍ ሳሉ ስትባሉ ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

አሞራ ገደል ላይ 48 ሊትር

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እንሥራ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶና አምባዛ የሚቀመጥበት ክዳን የሌለው የላሜራ ሣጥን ያስፈልጋል እንበል። ያለን ላሜራ 10 ዴሲሜትር በ8 ዴሲሜትር ነው፤ ማለትም 100 ሳንቲሜትር በ80። ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካሬ ተቆርጦ ጎኖቹ ወደ ላይ ይታጠፋሉ። ሣጥኑ 48 ሊትር እንዲይዝ የሚቆረጠው ካሬ ጎን ስንት ይሁን? 1 ሊትር 1 ኩብ ዴሲሜትር ስለሆነ መለኪያው ይስማማል።

የካሬው ጎን ተ ይሁን። ከሁለቱም ጫፍ ስለሚቆረጥ የሣጥኑ ርዝመት 10 − 2ተ፣ ስፋቱ 8 − 2ተ፣ ቁመቱ ተ ነው።

ተ(10 − 2ተ)(8 − 2ተ) = 48

በቀኝ ያለው ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ እንፍታው፦

4ተ³ − 36ተ² + 80ተ − 48 = 0

የጋራ አካፋይ 4 ነው፦

4(ተ³ − 9ተ² + 20ተ − 12) = 0

አራት ቃል ነው፤ 1 ለ −9 እና 20 ለ −12 እኩል ስላልሆኑ በቡድን አይሄድም። የኮፊሸንቶቹ ድምር፦ 1 − 9 + 20 − 12 = 0። 1 ዜሮ ነው። ስናካፍል፦

1 | 1   −9   20   −12
  |      1   −8    12
    1   −8   12     0

ተ² − 8ተ + 12 = (ተ − 2)(ተ − 6)

ሦስት ዜሮዎች አሉ፦ 1፣ 2 እና 6። ፖሊኖሚያሉ ሦስቱንም ይቀበላል፤ ላሜራው ግን አይቀበልም። ተ = 6 ቢሆን ስፋቱ 8 − 12 = −4 ይሆናል። 8 ዴሲሜትር ካለው ጎን ከሁለቱም ጫፍ 6 መቁረጥ አይቻልም። ስለዚህ 6 ይወድቃል።

1 ሲሆን ሣጥኑ 8 በ6 በ1 ነው፤ 48 ሊትር። 2 ሲሆን 6 በ4 በ2 ነው፤ እሱም 48 ሊትር። ሁለቱም ትክክለኛ መልሶች ናቸው። አንዱ ሰፊና ዝቅተኛ፣ ሌላው ጠባብና ጥልቅ ነው። ዓሣውን ዘርግቶ ለማሳየት የመጀመሪያው ይመቻል፤ በባጃጅ ለመጫን ሁለተኛው ይሻላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ አንዱን ብቻ ጽፋችሁ አትውጡ።

ራሳችሁን ፈትሹ

መልሱን ሳታዩ ሥሩ። እያንዳንዱ ከላይ ካየናቸው መንገዶች አንዱን ወይም ከአንድ በላይ ይፈልጋል።

1. 5ተ³ − 45ተ
2. 2ተ² + ተ − 15
3. ተ³ + 2ተ² − 9ተ − 18
4. ተ⁴ − 5ተ² − 36
5. ተ³ + 3ተ² − 4
6. 3ተ³ + 5ተ² − 16ተ − 12

መልሶቹ፦

1. 0፣ 3፣ −3። 0 ከጠፋባችሁ በተ አካፍላችኋል ማለት ነው።
2. 5/2 እና −3። የተከፈለው መካከለኛ ቃል 6ተ − 5ተ ነው።
3. −2፣ 3፣ −3። በቡድን ይሄዳል።
4. 3 እና −3 ብቻ። ሌላው ፋክተር ተ² + 4 ስለሆነ ሪል ዜሮ አይሰጥም።
5. 1፣ እንዲሁም −2 ሁለት ጊዜ። የሌለውን የተ ቃል ቦታ በ0 ካልሞላችሁ ሲንተቲክ ዲቪዥኑ አይወጣላችሁም። ግራፉ 1 ላይ ይሻገራል፤ −2 ላይ ነክቶ ይመለሳል።
6. 2፣ −3 እና −2/3። 2ን ወይም −3ን ቀድማችሁ ብታገኙ ሌሎቹ ከባለሦስት ቃሉ ይወጣሉ። ፖ(−1) = 6 እና ፖ(0) = −12 ስለሆኑ በ−1 እና በ0 መካከል ድፍን ቁጥር ያልሆነ ዜሮ እንዳለ ከሙከራው ራሱ ማየት ትችሉ ነበር።